ከውጫሌ ያልወጣው መልእክት

ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ሱቅ የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። የእኔ ናት። ራዲዮ የሚጠገንበት ዘመን ሳለ ራዲዮ ጠግኛለሁ፤ ቴፕ ሲመጣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥን፣ ሞባይል ሲመጣ ሞባይል። አንዱንም ማንም አላስተማረኝም። ቁርዓን የቀራሁት ከሸህ ዘንድ ነው፤ ፊደል የለየሁት ግን በራሴ፣ ከሳሙና ካርቶንና ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ለቀምሁት። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚለው ስም ገና በሰው አፍ ሳይለመድ እኔ አንዱን ፈታትቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ ሲነሳም የተረፈ ብሎን አልነበረም። ዛሬ ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ጥርሴ የራሴ ነው። በሲም ካርድ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ቁጥር ያለ መነጽር አነባለሁ። ይህን የምጽፈው አንባቢ ከማን ጋር እንደሚነጋገር እንዲያውቅ ነው።

የምተርከው ግን እህቴ ስለሞተችበት ቀን ነው፤ ቀብሯ ላይ ለመድረስ ስለሮጥሁበት።

ነገሩ ከጦርነቱ ይጀምራል። ጦርነቱ በእኛ በኩል ባለፈ ጊዜ ስልክም መብራትም ለወራት ጠፋ። ሰው ይሞታል፤ መርዶው እህል ከታጨደ በኋላ ይደርሳል። እናቱ አምባሰል ውስጥ ተቀብራ፣ እሱ ሐይቅ ሆኖ ለጤናዋ ዱዓ ሲያስደርግ የከረመ ሰው አውቃለሁ። ሰላም ሲመለስ ቅሬዎቻችን ተሰብስበው መከሩ። ቅሬ በእኛ አገር ለቀብርና ለለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ እስላምና ክርስቲያን አይለይበትም፤ የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸከማል። የሐይቅ፣ የውጫሌና የሐይቁ ማዶ መንደር ቅሬዎች መዝገባቸው አንድ ይሁን፣ የአንዱ ሞት ለሌላው ቶሎ ይድረስ አሉ። ይህን ማን ይሠራዋል ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወደ ማን ይዙር?

ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች አዘጋጀሁ። አንዱን በሱቄ፣ አንዱን ውጫሌ በአንድ ወፍጮ ቤት፣ አንዱን ማዶ መንደር አስቀመጥሁ። ሦስቱም ዳታቤዙን ሙሉውን ይይዛሉ፤ አባሉን፣ የቅርብ ዘመዱን፣ የሞተውን። አንዱ ላይ የተጻፈው በሲም ካርድ ኔትወርክ ወደ ሁለቱ ይሄዳል፤ የተቀበለው ማሽን መቀበሉን ያሳውቃል፤ በአካባቢው ላለ የሟች የቅርብ ዘመድም በስልኩ ይልክለታል። መስመር ቢቋረጥ እያንዳንዱ በያዘው ይሠራል፤ መስመር ሲመለስ የጎደለውን ይለዋወጣሉ። ሁሉም ከአንድ ሰርቨር ይቅዳ ማለት ቀላሉ ነበር። ያ አንዱ ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ግን አይተናል።

ዳታቤዝ መትከል ማንም ይችላል። በማሽኖቹ መካከል የሚመላለሰውን መልእክት መከታተል ነው የወንድ ሥራ። መጀመሪያ ያለፈውን መልእክት ብቻ የሚቆጥር ገጽ ሠራሁ። ወዲያው ከማዶ መንደር ምንም የማይመጣበት ቀን ሆነ። ሰው ስላልሞተ ነው ወይስ መስመሩ ስለሞተ? ገጹ አይናገርም። ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ የደህንነት አለ፣ የመቋረጥ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ሥራ ባይኖረውም በየደቂቃው «አለሁ» እንዲል አደረግሁ። አለሁ ሲልም እስካሁን የጻፈውን የመጨረሻ መልእክት ተራ ቁጥር አብሮ ይልካል። ውጫሌ የጻፈው እኔ ዘንድ ከደረሰው ከበለጠ አንድ ነገር ቀርቷል ማለት ነው። እኔ ጋ የቀረው ማዶ መንደር ደርሶ እንደሆነም አያለሁ።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው መጣ። አንዱ ማሽን ትንሽ ዝም ሲል ሱቄ ውስጥ ያለው ሳጥን ይጮኻል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጮኸ። ግድግዳ የሚጋራኝ ልብስ ሰፊ አንገቱን አስገብቶ፣

«አያ፣ ይህ ሳጥንህ ከአማቴ ባሰ እኮ! እሷ እንኳ ስትተኛ ዝም ትላለች» አለኝ።

«አማትህ መብራት ሲጠፋ ትነግርሃለች?»

«እሷማ የምታጠፋው ራሷ ናት!»

ተሳሳቅን፤ ግን እውነቱን ነበር። በየጥቃቅኑ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ውሎ አድሮ የሚሰማው ያጣል። አሰብሁበት። በእኛ አገር መብራት ቢጠፋ ቢጠፋ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ አዛን እስከሚቀጥለው ድረስ ይመለሳል። ጀናዛም፣ ለቀብር የተዘጋጀ ሬሳ፣ ከአንድ ሶላት በላይ አይጠብቅም። እንግዲያው ልኩ ይኸው ነው አልሁ፤ መልእክት ከአንድ አዛን እስከ ቀጣዩ ካልተንቀሳቀሰ ሳጥኑ ይጩህ። የአዛን ሰዓት ከወር ወር ስለሚንቀሳቀስ ሠንጠረዡን አስገብቼ ማሽኑ ራሱ እንዲያሰላው አደረግሁ። እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ መጥቶ ያሳየኝ።

ችግሩ ከማሽን አልመጣም። አንድ ቀን የቅሬ ዳኛው፣ የማኅበሩ ሹም ማለት ነው፣ በቅሬው ዕቃ ቤት፣ በድንኳንና በብረት ድስት መካከል ሰበሰበን። ዳኛው ሐጂ ነው፣ እኩያዬ ነው፣ ቃሉ ይሰማል። አጠገቡ የክርስቲያኖቹ ሽማግሌ መሪጌታው ተቀምጠዋል።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ ዳኛው። «ገበያ መሃል ስልኳን አንብባ የወደቀችው ልጅ ይኸው አልጋ ላይ ናት። ለቅርብ ዘመድ የሚሄደው ይቆይ። እኛ ሰው ሰብስበን፣ ቤቱ ሄደን፣ አስቀምጠን እናርዳው። ከዚያ በኋላ ይለቀቅ።»

«እኔ መልእክት የሠራሁት እንዲያልፍ ነው፤ እንዲቆም አይደለም።»

«ወንዝም የተሠራው እንዲያልፍ ነው» አሉ መሪጌታው፤ «ሲሞላ ግን ሰው ዳር ቆሞ ይጠብቃል።»

«መሪጌታ፣ ቅኔውን ለተማሪዎችዎ ያቆዩልን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «አይሆንም ካልክ ግድ የለም» አለ ጋቢውን እያስተካከለ፤ «ደሴ የተማሩ ልጆች አሉ ይባላል፤ እነሱን እንጠይቃለን።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርሁም። ሠራሁት፤ በደንብም ሠራሁት። ውጫሌ የሞተ ሰው ሐይቅ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ካለው፣ ወደ ሐይቅ የሚመጣው መልእክት እዚያው ውጫሌ ይቆማል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ለዳኛው ደውሎ ስሙን በቃል ይነግረዋል። ዳኛው እኔን ያማክረኛል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ዘመዱ ይረዳል። በመጨረሻ እኔ «ተረድቷል» የሚለውን ስጫን መልእክቱ ይለቀቃል። የቆመው መልእክት የማን እንደሆነ አይታይም፤ መቆሙ ብቻ በክትትሉ ገጽ ላይ ይታያል። ገጹን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ መንገድ ብዙ መርዶ አሳለፍን። አንድም ሰው ገበያ መሃል አልወደቀም።

እህቴ የምትኖረው ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ጥግ፣ በአባታችን መሬት ላይ ነበር። ታናሼ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አላህ አልሰጣትም። ሌላ ወንድምም፣ አጎትም፣ የወንድም ልጅም የላትም፤ እኔ ብቻ ነኝ። ክረምቱን ታማ ከረመች። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ፣

«ቀብር ውስጥ ባዕድ እንዳይቀበለኝ» አለችኝ። «አንተ ግባ። አፈር ስሆን።»

በእኛ ሥርዓት ሴት ስትቀበር ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የሚቀበላት የሥጋ ዘመዷ ነው፤ ካለ።

«ምን ሆነሽ ነው? እኔ እዚያ ቀድሜሽ እገኛለሁ» አልኋት።

«ቀድመኸኝማ ከሄድክ ማን ያስገባኛል፣ ጉረኛ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ቃሌን ሰጥቻት ወረድሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገጹን ስመለከት የውጫሌው ተራ ቁጥር በአንድ ጨምሯል። ማዶ መንደር ተቀብሏል። እኔ ጋ አልደረሰም። «የቆየ» ከሚለው ጎን አንድ ቁጥር ቆማለች። ውጫሌ በኩል ሰው ሞቷል፣ ሐይቅም የቅርብ ዘመድ አለው ማለት ነው። ኢና ሊላሂ ብዬ ዳኛውን መጠበቅ ጀመርሁ። እንዲህ ሲሆን የያዝሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነበር የሚደርሰው።

አልመጣም። ይልቅስ ከመሪጌታው ጋር ሆነው በመንገዱ በወዲያኛው ዳር፣ አስፋልት አስፋልቱን እያዩ ሲያልፉ አየኋቸው። የሄዱት ወደ እኔ ሰፈር ነው። ቀጥሎ ያስተዋልሁት የጎረቤቴ የስፌት መኪና ዝም ማለቱን ነው።

«ምነው ዛሬ?» አልሁት በግድግዳው በኩል።

«ክር አልቆብኝ ነው።»

ወጥቼ አየሁት። ከጀርባው ክሩ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እሱ ጫማውን ያያል።

ያኔ ገባኝ። ወደ ሐይቅ የሚመጣ መልእክት ሲቆም መጀመሪያ የሚነገረው ለእኔ ነው። ያልተነገረኝ ባለቤቱ እኔ ብሆን ነው። ከውጫሌ ወዲያ ደግሞ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። መልእክቱን መክፈት እችል ነበር፤ ቁልፉ በእጄ ነው። አልከፈትሁትም። ስሟን እዚያ ላይ ማንበብ አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ሰዓቱን ነው። ለወፍጮ ቤቱ ልጅ ደወልሁ።

«አያ! ሰላም ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?»

«ከብት የለኝም። የቆመ መልእክት አለህ?»

«ኧረ ምንም የለ፤ መብራት ጠፍቶብን ነው።»

«መብራት ከጠፋ ማሽንህ አሁን አለሁ የሚለኝ ምን በልቶ ነው?»

ወፍጮው ከኋላው ይጮኻል። መብራት ጠፋ ያለኝ ወፍጮው እየፈጨ ነው።

«ስማ ልጄ፤ የማን ነው አላልሁህም። ጀናዛው ለቀትሩ ለዙሁር ነው ለአሱር?»

«አፈር ስሆንልዎ፣ ከሱቅ አይውጡ። ሰዎች እየመጡልዎ ነው።»

«ለዙሁር ነው ለአሱር!»

«ለዙሁር» አለ። «ወንድሟ ተረድቶ እንደሆን ሐይቅ ጠይቀን ነበር፤ ገና ነው አሉን። ካልተረዳ አይደርስም፣ ጀናዛ አይዘግይ ብለው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ።» ከዚያ «ወንድሟ» ማለቱ ታወቀውና አፉን ያዘ።

«ሰው ላክባቸው። እየመጣሁ ነው።»

«ላይ ኔትወርክ የለም፣ አያ። በእግር ነው።»

«በእግር ላክ!»

ሱቁን ስቆልፍ ዳኛውና መሪጌታው ከበርካታ ሰው ጋር ደረሱ። ዳኛው ክንዴን ያዘኝ። «ና፣ ቤት እንግባ፤ የምንመክረው ጉዳይ አለን።»

«ቤት አልገባም። መናኸሪያ ነው የምሄደው። አውቄዋለሁ።»

«ማን ነገረህ?» ብሎ ጎረቤቴ ላይ አፈጠጠ። ልብስ ሰፊው «ወላሂ እኔ ክር አልኩ እንጂ…» አለ።

«ማሽኑ ነው የነገረኝ።»

«ማሽኑን ዝም አሰኝተነው የለም እንዴ?»

«ዝም ማሰኘታችሁን ነው የነገረኝ። ለዙሁር ሊቀብሯት ነው።»

የዳኛው ፊት አመድ መሰለ። «ለዙሁር? ሰው እስኪሰበሰብ፣ ቤትህ እስኪደረስ ብለን ነው እንጂ… ወንድሟ ሳይመጣ አይቀብሩም ብለን እኮ ነው!» እነሱ እዚያ ይጠብቃሉ ብለው ዘገዩ፤ እነዚያ ደግሞ እዚህ ስለዘገየ አልጠበቁም። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም።

መሪጌታው ነበሩ ወደ ሚኒባሱ የሮጡት። «ለቅሶ ነው፣ አሁኑኑ አንሳው!» ብለው ሲጮኹ ሾፌሩ ሳይሞላ አነሳው። ሐይቁ ከኋላችን ቀረ። ዳኛው አጠገቤ ተቀምጦ «አብሽር፣ አይዞህ» ይለኛል፤ ትንሽ ይቆይና እንደገና «አብሽር» ይለኛል። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ገጹን በስልኬ እከፍታለሁ፤ ቁጥሯ እንደቆመች ናት። መንገድ ላይ ከአንድ መስጊድ የዙሁር አዛን ተሰማ። ዳኛው አብሽር ማለቱን ተወ።

ውጫሌ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ባጃጅ ይዞ ቆሞ ነበር። የላከው ሰው መሄዱን ነገረኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰን። ከዚያ አቀበት ነው። ዳኛው ጉልበቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ አልተቀመጥሁም። መሪጌታው ከኋላዬ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይከተላሉ፤ ጭቃው እየያዘባቸው።

ስደርስ ሰው መቃብሩን ከቦ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ አፈር መመለስ ተጀምሮ ነበር። የተላከው ልጅ ዳር ላይ ቆሞ ያለከልካል፤ የደረሰው ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ነው። እኔን ሲያዩ አካፋዎቹ ቆሙ።

«ማን ነው የተቀበላት?» አልሁ።

አንድ ጎልማሳ ወደፊት ወጣ። ጎረቤቷ ነው። እስከ ክንዱ አፈር ነው። «እኔ ነኝ፣ አባቴ። ጋቢ ዘርግተን ከልለን ነው ያስገባናት። ማንም አላያትም።»

አላህ ይስጥህ አልሁት። ሌላ ምን ይባላል? ድንጋዩ ይነሳ አላልሁም፤ የተዘጋ ቀብር አይከፈትም። ከአንዱ እጅ አካፋ ተቀበልሁና አፈሩን መለስሁ። ሊተኩኝ መጡ፤ አልሰጠሁም። መሪጌታው በወዲያኛው በኩል ቆመው በእጃቸው ጓል ጓሉን እየለቀሙ ያቀብሉኛል። ዳኛው ዘግይቶ ደርሶ ዱዓ አደረገ፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠበት።

ከተዕዚያው፣ ለለቅሶ ከተቀመጥንበት፣ በኋላ ሱቄን ስከፍት ልብስ ሰፊው ቀድሞኝ ቆሟል። «አያ፣ ሳጥኑ ሲጮኽ ነው የሰነበተው። ከአንድ ሶላት አልፎ የቆመ አለ ይላል መሰለኝ። ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚነካው ጠፋ።» እውነት ነው፤ «ተረድቷል» የሚለውን የሚጫን ሰው በሐይቅ ከእኔ በቀር የለም። ተቀመጥሁና ተጫንሁት። መልእክቱ ከውጫሌ ወጣ፣ ገባ። ስሟ፣ መንደሯ፣ ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት። የቅርብ ዘመድ፦ ወንድም፣ ሐይቅ። ሳጥኑ ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ወደ ቤቱ ገብቶ መስፋት ጀመረ።

ቅሬው እንደገና ሲሰበሰብ ማቆያው ይፍረስ አልሁ። ዳኛው አልጋ ላይ ስላለችው ልጅ እንደገና አነሳ። ብዙ ተባባልን። «ያንተን ሐዘን እናውቃለን፤ ግን መርዶ መርዶ ነው» አለ። «እንግዲያው ጀናዛም ጀናዛ ነው» አልሁ። በመጨረሻ አንድ ነገር አሸነፍሁ። እያንዳንዷ ሴት ቀብሯ ውስጥ የሚቀበላት ማን እንደሆነ በሕይወት ሳለች ታስመዘግባለች። የዚያ ሰው መልእክት አይቆምም፤ በስልኩ ሳይሆን ቀጥታ ለሽማግሌዎቹ ይደርሳል። ዳኛውና ሽማግሌዎቹም ለእሱ ቤት እስኪሞላ አይጠብቁም፤ መኪና ውስጥ ያረዱታል።

ያደረግሁትን እዚህ ልቁጠር፤ ሌላ ቢቆጥረው ያሳንሰዋል።

ያለ አስተማሪ ሦስት ማሽን አነጋግሬያለሁ።

የደህንነትን ዝምታ ከመቋረጥ ዝምታ ለይቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያ በአዛን ልክ ሰፍቻለሁ።

ማቆያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለአንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

ማንም ሳያረዳኝ መርዶዬን ከአንዲት ቁጥር አውቄያለሁ።

በእህቴ ላይ አፈር መልሻለሁ። ቀብሯ ውስጥ ግን አልቆምሁም።

በአዲሱ ደንብ፣ ማዶ መንደር የሞተች እናት ልጇ ከሐይቅ ተነስቶ በሰዓቱ ደርሶ ተቀብሏታል። እኔም ለቀብሩ ሄጄ ስለነበር ከጉድጓዱ ሲወጣ እጁን ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በዚህ ዕድሜዬ የአምባሰልን አቀበት ያለ ዱላ፣ ሳልቀመጥ ወጥቻለሁ። ስወርድ ሰው ደግፎኛል።